እትዬ ዘነቡ እንዳይሞቱ ስበላ

ማርታ የላከችው የድምፅ መልእክት የደረሰኝ እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። እዚህ ሜልቦርን ሁዳዴ የሚውለው ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ስለሆነ ነጠላዬን ካፖርቴ ላይ ደርቤ ቆሜያለሁ። ከፌርማታው ጀርባ ያለች ሱቅ የማላውቀውን ነገር በዘይት ትጠብሳለች። እህል ገና አልቀመስኩም፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ብዙም ሳልርቅ በአፍንጫዬ እየበላሁ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

«ሰብልዬ፣ እንዳትደነግጪ፣ ማንም አልሞተም» ይላል የማርታ ድምፅ። ማርታ የግቢያችን ልጅ ናት፤ አንድ ዴስክ ላይ ተምረን ነው ያደግነው። «እትዬ ዘነቡ ግን እህል መቅመስ ትተዋል። ጾም ነው፣ ጾም ነው ሲሉን አምነናቸው ነበር እኮ። ለካ ዘጠኝ ሰዓትም ያልፋል፣ ማታም ይመጣል፣ ሰሃኑ እንደተከደነ ያድራል። ሐኪም ጋ ወሰድኳቸው፤ አገላብጦ አያቸውና ምንም የለባቸውም አለኝ። እኔ እንጃ፣ ግራ ገብቶኛል።»

የምሠራው አረጋውያን በሚኖሩበት ቤት ነው። የሸመገለ ሰው ሰሃኑን በጣቱ ገፋ ማድረግ ሲጀምር ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። አውቶቡሱ መጥቶ ሲሄድ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ደወልኩ።

«እንዴት ነዎት እትዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሆዴ። ብርዱ እንዴት ይዞሻል?»

«ደህና ነኝ። ምግብ ይበላሉ ወይ?»

«ጠግቤያለሁ» አሉኝ።

እትዬ ዘነቡን የማያውቅ ሰው በዚህች መልስ አይደነግጥም። እኔ ግን ደነገጥኩ። እሳቸው «ጠግቤያለሁ» የምትለዋን ቃል በሕይወታቸው ከማንም አፍ ተቀብለው አያውቁም። ሲሏትም ሰምቼ አላውቅም።

ለማያውቋቸው ልንገር። ግቢያችን እሪ በከንቱ ነበር፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ። ነበር ማለት ግድ ነው፤ አሁን ቤቱ ፈርሶ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል፤ ለእትዬ ዘነቡም ከከተማው ዳር አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ደርሳቸዋለች። ያን ጊዜ ግን ግቢው አንድ በር ነበረው፤ በሩ ላይ እትዬ ዘነቡ ነበሩ፤ እትዬ ዘነቡ ፊት ደግሞ የሳምቡሳ መጥበሻ ነበር። ከዓለም ጋር የምንገናኘው በሳምቡሳ በኩል ነው ማለት ይቻላል። ሽንኩርቱንና ቃሪያውን ራሳቸው አትክልት ተራ ወርደው፣ ከነጋዴው ጋር ተሰዳድበው፣ ተመራርቀው ያመጣሉ። ምስሩን ሲያበስሉት ከውስጡ ፈርሶ ከላይ ቅርጹን እንዲይዝ ነው፤ ሲነክሱት ነው «እጄን ሰጥቻለሁ» የሚለው።

በጾም ጠዋት መጥበሻው ሲንጫጫ፣ ከጎናቸው ባለችው ጠባብ ክፍል ልብስ የሚሰፉት ጋሼ ፍሬው የስፌት መኪናቸውን አቁመው ይጮኻሉ። «ዘነቡ! አራዳን በሙሉ በሳምቡሳ ሲኦል አስገባሽው እኮ!»

«እኔ የምሸጠው ሳምቡሳ ነው፤ ሽታውን አንተ በነጻ ነው የወሰድከው፤ የሚፈረድበትም የሰረቀው ነው» ይላሉ እትዬ ዘነቡ፣ ከመጥበሻው ቀና ሳይሉ።

ባለቤታቸው ቀደም ብለው አርፈዋል። ልጅ አልወለዱም። የግቢውን ልጅ ሁሉ «ሆዴ» እያሉ ይጠሩናል፤ እኔን ግን ሲጠሩ ድምፃቸው ትንሽ ይረዝማል፣ «ሆዴዬ» ይሆናል። ደግሞም ሰው በእጃቸው ሳያጎርሱ አያሳልፉም። ደንቡ ይታወቃል፤ ይጠቀልላሉ፣ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ እንግዳው «ጠግቤያለሁ» ይላል፣ እሳቸው «በሞቴ!» ይላሉ። እምቢ ካለ «አፈር ስሆን!» ይከተላል። አዋቂ ሰው ይህን ሲሰማ ሳቅ ብሎ አፉን ይከፍታል። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ እኔ ምን እየተባለ እንደሆነ ያወቅኩ መስሎኝ ነበር።

ያወቅኩት በለቅሶ ቤት ነው። የጎረቤታችን አባባ ደምሴ አርፈው ድንኳን ተጥሎ፣ እኔና ማርታ አግዳሚ ወንበር ሥር ገብተን ንፍሮ እየበላን ነበር። የአባባ ደምሴ እህት ደረቷን እየመታች ገባች።

«በሞቴ ብለህ ስታጎርሰኝ እምቢ ያልኩህ! ወንድሜን! በሞቴ እያልከኝ እምቢ ያልኩህ!»

ንፍሮው አፌ ውስጥ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ። በሞቴ ብለዋት ነበር። እምቢ አለች። ይኸው ሞቱ። ከዚህ በላይ ግልጽ የሆነ ነገር አለ? ማርታን በክርኔ ጎሸም አደረግኳት። «ሰማሽ?» አልኳት። «ሰማሁ» አለች፤ ንፍሮዋን አላቆመችም። አባባ ደምሴ ዘመዷ ስላልነበሩ ማርታ ብዙም አላዘነችም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የብዙ ሰው ነፍስ ጉሮሮዬ ላይ ተንጠለጠለ።

ስለዚህ በላሁ። በሞቴ ያለኝን ሁሉ ሰው በላሁለት። ጠዋት እትዬ ዘነቡን አድናቸዋለሁ፤ ቀትር ላይ የማርታን እናት፤ ማታ እንግዳ ከመጣ እንግዳውን። አንዳንድ ቀን እየተንገፈገፍኩ፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ እውጣለሁ፤ ሰዎቹ ግን «አቤት አበላል! ሲያምርባት!» ይላሉ። የአንድም ሰው ሞት በእጄ አልሆነም፤ ቀሚሴ ግን ጠበበኝ። ጋሼ ፍሬው ዩኒፎርሜን ይለቁልኛል፣ ይጠባል፣ ደግመው ይለቁታል።

«ጨርቁ አልቋል ሰብለ» አሉኝ አንድ ቀን መርፌያቸውን በከንፈራቸው ይዘው። «ከዚህ ወዲያ መጋረጃ ነው የምቀጥልልሽ። ቀድሞስ ሰብል መጨረሻው የት ነው? ጎተራ!»

ስሜ በዚያው ጎተራ ሆነ። በግቢው በር ስገባ «ጎተራ መጣች፣ ክደኑ!» ይባላል። ማርታ እንኳን «ጎቲ» ትለኝ ጀመር። ከፋኝ፤ ግን ምን አደርጋለሁ? ብናገር እትዬ ዘነቡ መሞታቸውን ሊያውቁ ነው፤ መሞቱን ያወቀ ሰው ደግሞ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል?

እናቴ ግን አፈረችብኝ። እናቴ በሥርዓት ያደገች ሴት ናት፤ ሰው ቤት ሲሰጡኝ «በልቻለሁ» እንድል አስጠንቅቃኛለች። ውሸት ኃጢአት ነው ትለኛለች፤ ሳልበላ «በልቻለሁ» በይ ትለኛለች፤ ይህን እስከ ዛሬ አላስታረቅሁትም። አንድ ቀን አፍንጮ በር የምትኖር ዘመዳችን ቤት ሄድን። መሶቡ ቀረበ። እናቴ የታችኛውን ከንፈሯን ነክሳ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ፤ ይህ በቤታችን ቋንቋ «ከሁለት በላይ ብትጎርሺ ወዮልሽ» ማለት ነው። ሁለቴ ጎረስኩና እጄን ሰበሰብኩ። ይሄኔ ዘመዳችን ጠቅልላ ዘረጋችልኝ።

«ጠግቤያለሁ።»

«አንዲት ብቻ፣ ልጄ! በሞቴ!»

እናቴን አየኋት። ዓይኗ ሊወጣ ደርሷል። ሴትየዋን አየኋት። ጭኗ ላይ ገና ጡት ያልጣለ ሕፃን ተኝቷል። ያንን ሕፃን አየሁና አፌን ከፈትኩ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል!» ብላ ደገመችኝ፤ ሠለሰችኝም። በመንገድ ላይ እናቴ ክንዴን ቆንጥጣ «ምን አጉድዬብሽ ነው? ቤቷ ታስርባታለች ይበሉኝ?» ስትለኝ፣ «ሕፃኑስ?» አልኳት። «የምን ሕፃን?» አለችና ጨምራ ቆነጠጠችኝ።

በዚያ ዓመት ሰባት ሞላኝ፤ ሁዳዴም ገባ። እናቴ ዘንድሮ እስከ ስድስት ሰዓት ትጾሚያለሽ አለችኝ፤ ደስ አለኝ፣ ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። በመጀመሪያው እሑድ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችን ጌታ በገዳመ ቆሮንቶስ የተፈተነውን አስተማሩን።

«ዲያብሎስ በመጀመሪያ በምን ፈተነው?»

«በስስት!» አልን ሁላችንም።

«ስስት ማለት ምን ማለት ነው?»

ማርታ እጇን አወጣች። «ሰብለ!» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህራችን ግን አልሳቁም፤ ዓይናቸውን ወደ ሆዴ ዝቅ አድርገው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከሳቁ ይልቅ ያ ነው የጎዳኝ። ሲቀጥሉም የሰማሁት በግማሽ ጆሮ ነው። ዲያብሎስ ጌታን «ድንጋዩን እንጀራ አድርግ» አለው እንጂ «በሞቴ» አላለውም፤ ብልጥ ነው አልኩ በልቤ። ቢለው ኖሮ ጌታ እምቢ ሲል ዲያብሎስ ያኔውኑ ሞቶ ይገላግለን ነበር።

እንግዲህ ጭንቁ ይህ ነበር፤ ብበላ ከዲያብሎስ ጋር ነኝ፣ ባልበላ እትዬ ዘነቡ ይሞታሉ። በሁለቱ መካከል ደግሞ የምስር ሳምቡሳ ይንጫጫል። እትዬ ዘነቡም አልተዉኝም። እሳቸው ራሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምሱም፤ የኔን ጾም ግን አልተቀበሉትም። የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ነበርና «ጥርስ ሳይኖርሽ የምን ጾም! ጾም እኮ ጥርስ ላለው ነው! ነይ ሆዴዬ፣ ይቺን ብቻ፣ በሞ—» ሲሉ ሮጥኩ።

መላ ያመጣችው ማርታ ናት። ምሥጢሬን የነገርኳት ለእሷ ብቻ ነው። ጥቂት አሰበችና በዳኛ ድምፅ ፈረደች። «ካልሰማሽ አይቆጠርም። ልክ እንደ ኳስ ነው፤ ፊሽካ ካልተነፋ ፋውል የለም።»

ከዚያ በኋላ በግቢው በር የማልፈው ሁለቱን ጣቶቼን ጆሮዬ ውስጥ ወትፌ፣ ያወቅኩትን መዝሙር እየጮህኩ፣ ቦርሳዬ ጀርባዬን እየደበደበኝ በሩጫ ሆነ። የእትዬ ዘነቡ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፅ የለውም። በእጃቸው የያዙት ሳምቡሳ አየር ላይ ተዘርግቶ ይቀራል። ጋሼ ፍሬው ከመኪናቸው ቀና ብለው ያዩኛል፣ ሳምቡሳውን ያያሉ፣ እንደገና ያዩኛል። ጎተራ ሳምቡሳ ስትሸሽ ማየት፣ ድመት ከወተት ስትሸሽ እንደማየት ነበር።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። እትዬ ዘነቡ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ ከሳቸው ጋር የምቀርበው። ሱፍ ፍትፍት በአንድ ሰሃን፤ እሳቸው ለኔ፣ አልፎ አልፎም ለራሳቸው። አሁን በዘጠኝ ሰዓትም ቀረሁ። ዘጠኝ ሰዓት ከስድስት በኋላ እንደሚመጣ ባውቅም ሰዓት ገና በደንብ ማንበብ አልችልም፤ ስቼ በጾም ብበላስ? አርቆ መሸሽ ይሻላል። ለእናቴ «ልጅቷን ምን አደረግኋት? ዘይቱ ሸተታት እንዴ?» ሲሏት ሰማሁ። እናቴ ደግሞ በኩራት «ኧረ እትዬ፣ እየጾመች ነው! እግዚአብሔር ልብ ሰጣት!» አለች።

አንድ ጠዋት ግን ስሮጥ አፍንጫዬን በላኝ። አንዱን ጣቴን አውጥቼ አከክኩት። በዚያች ቅጽበት «በሞ» የምትለዋ ገባች። ቀሪዋ አልገባችም፤ ጣቴን መልሻለሁ። ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት ሳስብ ዋልኩ። ግማሽ በሞቴ ስንት ነው?

በማግስቱ ስወጣ መጥበሻው የለም። በሩ ባዶውን በጣም ሰፊ ሆኖ ታየኝ፤ እንዲያ ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር። ጣቶቼ ጆሮዬ ውስጥ እንዳሉ ቆምኩ።

«እትዬ ዘነቡ ታመዋል» አለችኝ ማርታ፣ ጣቴን ከጆሮዬ ስባ። ፊቷ አመድ መስሏል። «ጎቲ፣ ሰምተሽ ነበር እንዴ?»

«ግማሹን።»

«ኧረ ጉድ!» አለች ማርታ። «ታዲያ ግማሹን ነዋ የታመሙት!»

ክፍላቸው በሴቶች ተሞልታ ነበር። የዳማከሴው ሽታ በር ላይ ይቀበላል። ጋሼ ፍሬው ኮፍያቸውን አውልቀው የበሩ ደፍ ላይ ቆመዋል። እትዬ ዘነቡ እስከ አገጫቸው ተሸፋፍነዋል፤ ፊታቸው ትንሽ ሆኖብኛል። በሰው እግር መካከል ሾልኬ አልጋው ሥር ደረስኩና ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮኽኩ።

«እትዬ! ሳምቡሳ ይስጡኝ!»

ሴቶቹ ዞረው አዩኝ።

«የትናንቱን! የትናንቱን አሁን እበላዋለሁ! የት አለ? ሁሉንም እበላዋለሁ!»

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች። አንዲት ሴት አማተበች። ጋሼ ፍሬው ብቻ ናቸው አፋቸው ያልተያዘው። «እናንተ! እዚህ ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ይባላል፣ እሷ ሳምቡሳ ግቢ ትላለች!»

እናቴ በክንዴ አንጠልጥላ አወጣችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሆዳም ተብዬ አላውቅም፤ በሕይወቴም እንደዚያ ቀን ምግብ አስጠልቶኝ አያውቅም። ከውኃው ቧንቧ አጠገብ ተቀምጬ ስነፈርቅ የንስሐ አባታችን አባ ተክሌ ጠበል ይዘው ገቡ። ሮጬ ቀሚሳቸውን ያዝኩ።

«አባ፣ ስስትና ነፍስ ማጥፋት የቱ ይበልጣል?»

«ነፍስ ማጥፋት ነዋ፣ ልጄ።»

«በጾም ሳምቡሳ መብላትና ነፍስ ማጥፋትስ?»

አባ ተክሌ ጠበሉን መሬት ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ራሳቸውም ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። «የማንን ነፍስ ነው የምታጠፊው?»

«የእትዬ ዘነቡን። ግማሹን አጥፍቼዋለሁ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ከድንኳኑ ጀምሬ፣ የአፍንጮ በሩን ሕፃን፣ ፊሽካውን፣ ያሳከከኝን አፍንጫ። ማርታ ከኋላዬ ቆማ «እውነቷን ነው፣ አባ» ትላለች በየመሐሉ። አባ ተክሌ መጀመሪያ ጢማቸውን ያዙ፤ ከዚያ አፋቸውን ያዙ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅሱ መስሎኝ እኔም ባስኩ። ጠበሉን አንሥተው፣ እጄን ይዘው ወደ ክፍሉ አስገቡኝ፤ አልጋው አጠገብ ቆመው፣ አንዲት ቃል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ የነገርኳቸውን ለሰው ሁሉ ተናገሩ።

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ እትዬ ዘነቡ በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ያልሞትኩት በዚች ልጅ ሆድ ነው በሉኛ!»

ያኔ ነው ጣሪያው የተነሣው። ጋሼ ፍሬው በኮፍያቸው ፊታቸውን ሸፍነው ሳቁ፤ ሲገልጡት ግን ዓይናቸው ቀልቷል። «እኔ ደግሞ ጎተራ ስላት! ያ ሁሉ ጨርቅ ለነፍስ አድን ነው የሄደው!»

አባ ተክሌ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና ወደ አልጋው ዞሩ። «አንቺስ ዘነቡ፣ እህል በደንብ ከቀመስሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

እትዬ ዘነቡ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ።

«ሰሃኑን እንደተከደነ ነው ያገኘሁት፣ አባ» አለች እናቴ ቀስ ብላ። «የትናንት በስቲያውንም።»

«ሰው የለኝማ» አሉ እትዬ ዘነቡ ከብርድ ልብሱ ሥር። «ልጅቷ መምጣት ተወች። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል አይደል የሚባለው? እኔ ደግሞ ብቻዬን መሞት እፈራለሁ፣ አባ። ሰው እስኪመጣ ብዬ እከድነዋለሁ፤ ሳይመጣ ይመሻል።»

አባ ተክሌ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አዩ። «ሁለት ሕፃን!» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ያሉት እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። «ልጄ፣ ስስት መብላት አይደለም። ስስት ሌላው ሲበላ ከኔ ይጎድላል ብሎ መፍራት ነው።»

«እንግዲያውስ እኔ አለብኝ» አሉ እትዬ ዘነቡ ወዲያው። «በዚች ልጅ እሳሳለሁ። ሰው ቤት በልታ ስትመጣ ቅር ይለኛል።»

አባ ተክሌ ጢማቸውን ጎተት አደረጉ። «እሱ ሌላ ነው» አሉና ጠበሉን መርጨት ጀመሩ። እንዴት ሌላ እንደሆነ ግን አልነገሩንም። ቋንቋችን ለሁለቱም አንድ ቃል ብቻ ሰጥቶን፣ ልዩነቱን ለሆዳችን ትቶታል።

ዕርቁ እንዲህ ሆነ፤ እትዬ ዘነቡ ከስድስት ሰዓት በፊት በሞቴ ላይሉ፣ እኔም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላልቀር። ሰዓቱን የሚነግሩኝ ጋሼ ፍሬው ሆኑ። በቀረው ጾም ጠዋት ጠዋት በበሩ ሳልፍ እትዬ ዘነቡ ማማሰያቸውን ከፍ አድርገው ይጣራሉ። «እለፊ ሆዴዬ፣ አልሞትም!» መንገደኛው ቆሞ ያያቸዋል። እኔም ጣቶቼን ከጆሮዬ አውጥቼ፣ ቀና ብዬ፣ እየተራመድኩ አልፋለሁ።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ግቢው በሙሉ የየቤቱን ድስት ይዞ እሳቸው ክፍል ገባ። ገበታው ሲቀርብ እትዬ ዘነቡ እንደ ልማዳቸው የመጀመሪያውን ለኔ ጠቀለሉ። እኔ ግን አፌን አልከፈትኩም። ከዶሮው ወጥ ቆርሼ፣ በትንሽ እጄ እንደምንም ጠቅልዬ፣ ተነሥቼ ዘረጋሁ።

«በሞቴ!» አልኩ።

«ሰብለ!» አለች እናቴ። ልጅ በሞቴ አይልም፤ በልጅ አፍ አይደረግም። እትዬ ዘነቡ አልሳቁም። እጄን አዩት፣ ዓይኔን አዩት፤ እውነት ነው የምላችሁ፣ ፈርተው ነበር። «ይቺስ አትሞትም!» አሉና አፋቸውን ከፈቱ። ግማሹ ወጥ በነጩ ቀሚሳቸው ላይ ወረደ። ሳይውጡት በፊት በሙሉ አፋቸው «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው እንደገና ከፈቱ።

ስለዚህ ማርታ «ሐኪሙ ምንም የለባቸውም አለ» ስትለኝ፣ ያለባቸውን አውቄዋለሁ። አራተኛ ፎቅ፣ ዝግ በር፣ የተከደነ ሰሃን። ማርታ በደግነቷ ምግቡን አድርሳ ወደ ሥራዋ ትሮጣለች፤ ጎረቤቶቹም እንደዚያው፤ ሰሃኑ አልጎደለባቸውም። ተመልሼ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ይብሉ። በሞቴ!» አልኳቸው።

 ከዚያ ያ የረዘመ ድምፃቸው መጣ።

«እጅሽ የታለ፣ ሆዴዬ?»

 በዚያ በር ለገባችሁና ለወጣችሁ ሁሉ ይህን የምጽፈው ለዚሁ ነው። እጅ አውሱኝ። በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አራተኛ ፎቅ ውጡ። ምግብ አታድርሱላቸው፤ ብሉባቸው። አንድ ሰሃን ብቻ ይቅረብ። ጋሼ ፍሬው፣ ጉልበትዎ ደረጃውን እምቢ ካለ ማርታ ትደግፍዎታለች፤ ስድቡን ግን ቤት እንዳይረሱት። የምስር ሳምቡሳ ይኑር፤ የመጨረሻዋን ሁለት ሰው ይያዛት፣ ማንም አይልቀቅ፤ እትዬ ዘነቡ ሊዳኙ ከአልጋቸው ይነሣሉ፣ አውቃቸዋለሁ። ሲነሡ ከመካከላችሁ አንዱ ይጠቅልልና እጁን ዘርግቶ «ሰብለ በሞቴ ብላለች» ይበል።

«ጠግቤያለሁ» ይሏችኋል። እሱን ለማርታ ተዉት፤ ጣት ጆሮ ውስጥ፣ መዝሙሩን ከፍ አድርጎ። ያልተሰማ አይቆጠርም።